69 ዘፈን በሰዓቱ፣ አራት ዘፈን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት

አሜሪካኖች ስለ ፍቅር ሲዘፍኑ አያለቅሱም። ይሄ ነገር እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሚያመልከው ባንድ አለ፤ ዘ ማግኔቲክ ፊልድስ ይባላል። የሚጫወቱት ኢንዲ ፖፕ ነው፤ ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠራ ፖፕ ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1999 «69 ላቭ ሶንግስ» የሚል አልበም አወጡ። ሦስት ሲዲ ነው፤ በእያንዳንዱ 23 ዘፈን፣ ሁሉም የፍቅር። ሰምቶ ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ቁጥሩ ለምን 69 ሆነ ለምትሉ፣ የገባው ገብቶታል፤ ያልገባው ልጆቹ ፊት ባይጠይቅ ይሻለዋል። መጀመሪያ የታሰበውስ 100 ነበር፤ በዛ ተብሎ ተቀነሰ።

ደራሲው ስቴፊን ሜሪት ይባላል። ሐሳቡ የመጣለት ማንሃተን ውስጥ አንድ ፒያኖ ባር ቁጭ ብሎ ነው። ግጥሙም ዜማውም የሱ ነው። ዘፋኞቹ ግን እሱን ጨምሮ አምስት ናቸው። ይሄ ከኛ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። እኛ ጋ የካሴቱን ሽፋን ስትገልጡ ግጥም ይልማ ገብረአብ፣ ዜማ አበበ መለሰ፣ ቅንብር ኤልያስ መልካ እያለ ይወርዳል፤ ከፊት ግን የአንድ ሰው ፎቶ ብቻ ነው፣ ያውም እጁን አገጩ ላይ አድርጎ። ሜሪት ስልሳ ዘጠኙንም ጽፎ «ይሄኛው አንቺን ይስማማል፣ ያኛውን አንተ በለው» እያለ አደለ። የኛ ሰው ቢሆን ያደርገዋል? እንጃ!

እሱ ራሱ ሲዘፍን ደግሞ ድምፁ ጎርናና ነው፤ የመብራት ቢል የሚያነብ ነው የሚመስለው። ሜሪት «ዘ ቡክ ኦፍ ላቭ» የሚባል ዘፈን አለው፤ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ፒተር ገብርኤል በኋላ ደግሞ ዘፍኖታል። የፍቅር መጽሐፍ ረጅም ነው፣ አሰልቺ ነው፣ ከክብደቱ የተነሣ ማንም አያነሣውም ይላል። አሰልቺ! ጥላሁን ይሄን ቢሰማ ምን ይል ነበር? እኛ እኮ «ሞትኩልሽ»፣ «አበድኩልሽ» ሲባል ነው ያደግነው። እኛ ጋ ሳይሞት ያፈቀረ ማን አለ? ግን ዘፈኑ ዝቅ ብሎ፣ የሚወደው ሰው ያንኑ አሰልቺ መጽሐፍ ሲያነብለት ደስ እንደሚለው ይናገራል። እዚህ ላይ ጸጥ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነው።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ሰውየው አልበሙ ስለ ፍቅር አይደለም፣ ስለ ፍቅር ዘፈኖች ነው ብሏል። እንዴት ነው ነገሩ? የማህሙድን ትዝታ እየሰማ ያደገ ሰው ዘፈኑን ከፍቅሩ በየት በኩል ይለያል? ባልደረባዬን ሙሉ የምሳ ሰዓት ተከራከርኩት። ማታ መኪና ውስጥ አንድ የኛን አዲስ አልበም ከፈትኩ። ዓይንሽ፣ አንገትሽ፣ ጥርስሽ፣ ናፍቆትሽ፣ ከዚያ እንደገና ዓይንሽ። ልጅቷ ማን እንደሆነች አስራ አራት ዘፈን አልቆም አላወቅኩም። ይሄም እኮ ከሌላ ዘፈን የተቀዳ ዘፈን ነው። ሜሪት ቢያንስ አፍ አውጥቶ ተናገረ።

በ2024 አልበሙ 25 ዓመት ሞላውና ባንዱ ኮንሰርት ይዞ ዞረ። ስልሳ ዘጠኙንም በተራ፣ ግማሹን አንድ ማታ፣ ግማሹን በማግስቱ። ባልደረባዬ ትኬት ቆርጦ ወሰደኝ። ሁለት ሰዓት ተባለ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ሜሪት የጆሮ ሕመም አለበት፤ ጩኸት ያሠቃየዋል፣ ጭብጨባ ሲበዛ ጆሮውን ይይዛል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በቀስታ ነው፤ መሣሪያውም ኡኩሌሌ የምትባል ትንሽ ጊታር፣ ቼሎ፣ ባንጆ። እስክስታ የለ፣ ሽልማት ግንባር ላይ የሚለጥፍ የለ። ትንሽ ደብሮኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን አንድም ዘፈን አልዘለሉም፤ ከደቂቃ የማይበልጡትን እንኳ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉድ። ከዚያ ወዲህ አንድ የታወቀ ዘፋኛችን የፍቅር አልበም አውጥቶ እኛ ከተማ መጣ። ባለቤቴ ከአልበሙ አንድ ዘፈን ነፍሷ ነው። ሞግዚት ቀጠርን፣ በሰዓት ነው የምትከፈለው። ትኬቱ ሦስት ሰዓት ይላል። አበሻ አይደለን፣ አምስት ሰዓት ላይ ደረስን። አዳራሹ ባዶ ነው። ዲጄው አንዱን ዘፈን ሦስቴ መለሰው። ስፒከሩ ደረታችንን ይደልቃል። ስድስት ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዘፋኙ መነጽሩን አድርጎ ብቅ አለ። አራት ዘፈን፣ ያውም ሁለቱ የድሮ፣ አንዱ በሲዲ ታጅቦ ከንፈር ማንቀሳቀስ። «እወዳችኋለሁ!» አለና ሄደ። የባለቤቴን ዘፈን አልነካትም። ጠዋት ሥራ አለብኝ።

ስንወጣ አዘጋጁን በር ላይ አገኘሁትና «ምነው ወንድሜ፣ ዘፋኙ እስካሁን የት ነበር?» አልኩት።

«ሆቴል ነዋ። አዳራሹ ሳይሞላ እንዴት ይምጣ?» አለኝ።

ሕዝቡ ደግሞ ዘፋኙ እስኪመጣ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።