ተዳር እዳር

የጎረቤቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ ልትመርጥ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቆሮሶ ዓሣ ስንበላ፣ "ዲፕሎማት ነው መሆን የምፈልገው" አለችኝ። ለምን ስላት ሳቀች። "ሱፍ ለብሶ አገር ላገር መዞር ማን ይጠላል ጋሼ!"

አልፈረድኩባትም። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየን ሱፉን፣ መጨባበጡንና ባንዲራውን ነው። እኔን ግን ስለዚህ ሥራ ሲነሳ ትዝ የሚለኝ ሁለት ቃል ነው፤ "ተዳር እዳር"።

በግንቦት 1902 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ድንበር ውል ተፈራረሙ። ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ነው። እንግሊዝኛው፣ እንግሊዝና ሱዳን ሳይስማሙ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ አይሠራም ይላል። አማርኛው ደግሞ የሚከለክለው ወንዙን "ተዳር እዳር" (ከዳር እስከ ዳር) የሚደፍን ሥራ ነው። በኋላ የኛ ሰዎች የተከራከሩት እዚህ ላይ ነው። መድፈን ሌላ፣ መጠቀም ሌላ።

ይህን ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ድልድዩ ላይ ቆሞ ያየ ሁሉ ይገባዋል። ጨረጨራ ላይ ያለው ግድብ እንኳ በር አለው። ውሃውን ይመጥናል እንጂ አይደፍንም። (የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በበጋ መሳሳቱ የሌላ ቀን ጨዋታ ነው።)

እኔ ሕግ ስማር ይህን ውል ያነበብነው በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። አማርኛውን ያየሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል። የኛ ክርክር ያለበትን ገጽ ዘለን ፈተና አለፍን! እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ለዲፕሎማት የግድ ነው፤ አልከራከርም። ግን አማርኛውን በቅጡ የማያነብ የኢትዮጵያ ዲፕሎማት የመሣሪያውን ግማሽ ቤት ትቶ ነው የሚሄደው።

ልጅቷ "እሺ፣ ማንን ልምሰል?" አለችኝ። ጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን ጠራሁላት። ፓሪስ ሕግ ተማሩ። ጣሊያን ሲወረን እዚያው ሆነው የአገራቸውን ጉዳይ ይዘው ደጅ ጠኑ። በ1945 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ለኢትዮጵያ ከፈረሙት አንዱ ናቸው። በ1961 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1974 ደርግ ያለ ፍርድ ረሸናቸው። ዕድሜውን በሕግ ሲሟገት የኖረ ሰው አንድ ቀን እንኳ ችሎት ፊት አልቆመም። ይህን ስነግራት ዓሣውን መብላት አቆመች።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን የናሚቢያን ክስ ነው። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ያኔ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የምትባለውን አገር በአደራ ይዛ አፓርታይድ ትጭንባት ነበርና። ስድስት ዓመት ተከራከሩ። በ1966 ዳኞቹ 7 ለ 7 ተከፈሉና የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ድምፅ ሚዛኑን ደፋው። ውሳኔው ባጭሩ "ጉዳዩ አያገባችሁም" ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ተደክሞ!

ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሰረዘ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት እዚያ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው አለ። ናሚቢያ ነፃ የወጣችው በ1990 ነው።

"ሠላሳ ዓመት?" አለችኝ።

"የዓባዩስ? የተፋሰሱ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ የቀረበው በግንቦት 2010 ነው። አንቺ ያኔ ገና አፍሽን እየፈታሽ ነበር። በሥራ ላይ የዋለው በጥቅምት 2024።"

ዝም አለች። ተስፋ ያስቆረጥኳት መሰለኝና ደነገጥኩ። እጇን ታጥባ ስትመለስ ግን፣ "ያ የአማርኛው ውል አለህ ጋሼ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ፎቶ ኮፒው አለኝ። ሰኞ ላመጣላት ተቀጣጥረናል።