ጭሱ ወጥቶለታል የምትሉት ከሰል

ከኮዬ ፈጬ እስከ የካ አባዶ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በክረምቱ ብርድ ነፍሰ ጡር የተኛችበት ክፍል ውስጥ ፍም አስገብታችሁ በር የምትዘጉትን ልገሥጽ ነው። ቡናው ተፈልቶ ካበቃ በኋላ ምድጃውን ወደ አልጋው ታስጠጋላችሁ፤ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት በጨርቅ ትወትፋላችሁ፤ የሚናገራችሁ ሲመጣም «ጭሱ ወጥቶለታል» ትላላችሁ። የወጣው ዓይን የሚያየው ጭስ ብቻ ነው። ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ ጋዝ ከፍሙ መውጣቱን አያቆምም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ደግሞ ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይዞ የኦክስጅኑን ቦታ ይነጥቃል። እናቲቱ ራሷን ሲያማት ወጥታ ንጹሕ አየር ብትስብ ይሻላታል፤ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ደም የገባው ጋዝ ግን ከእርሷ ደም ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚወጣው።

ፅንሱ ኦክስጅን ሲያንሰው መጮኽ አይችልም። ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎቹ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን የተባሉ ሆርሞኖችን ይረጫሉ፤ ከአንጎሉ ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ከመልቀቁም በላይ ኮርቲሶል የተባለ ሌላ ሆርሞን እንዲመነጭ ያዝዛል፤ በዚህም የእጅና የእግር፣ የአንጀትና የቆዳ ደም ሥሮች ጠብበው፣ ያለው ጥቂት ኦክስጅን ለአንጎል፣ ለልብና ለራሳቸው ለአድሬናል ዕጢዎቹ ይተርፋል። (ይህ በአብዛኛው የታወቀው በበግ ፅንሶች ላይ በተደረገ ምርምር ነው፤ ያረገዘች በጉን ከብርድና ከድንጋጤ የሚጠብቅ ሰው ለሚስቱ ሲሆን መዘናጋቱ ይገርመኛል።) ለጥቂት ደቂቃ ከሆነ ይህ መላ ያድነዋል። ሌሊት በሌሊት ላይ ሲደራረብ ግን ደም የተነፈጉት አካላት ይቀጭጫሉ፤ በእርግዝናው መጨረሻ ሳንባን ለመጀመሪያው ትንፋሽ የሚያዘጋጀው ኮርቲሶልም ያለ ጊዜው ሲበዛ እድገትን ይገታል። ልጁ ከሲታ ሆኖ ሲወለድ «ዘራቸው ነው» የምትሉ አማቶች፣ መጀመሪያ ምድጃው የት እንደነበር ጠይቁ።

ባሎችም፣ ሚስታችሁ «ዛሬ አልተንቀሳቀሰም» ስትላችሁ «ተኝቶ ይሆናል» ብላችሁ አትለፏት። ኦክስጅን ያነሰው ፅንስ እንቅስቃሴውን ቀንሶ ያለችውን ይቆጥባል፤ ስለዚህ ዝምታው ዕረፍት ላይሆን ይችላል። ታክሲ የለም፣ መንገዱ ጭቃ ነው ሳትሉ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሷት፤ ፍሙንም ከዛሬ ማታ ጀምሮ ደጅ አሳድሩት፣ ብርዱን በጋቢና በብርድ ልብስ ቻሉት።