ቀብድ ይቅደም ወይስ ምርመራ? በባሕር ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛን ሰው የሚመለከት ክርክር

የክርክሩ ጭብጥ የሚከተለው ነው፦ በባሕር ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው በዋጋ እንደተስማማ ወዲያውኑ ቀብድ ሰጥቶ ቤቱን ማሰር ይገባዋልን? ይገባዋል የሚሉት ልጆቻቸውንና የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ቤት በማግዛት የሚታወቁ ጡረተኛ መምህር ሲሆኑ፣ አይገባውም የሚሉት በከተማዋ በጥብቅና የሚሠሩ የሕግ ባለሙያ ናቸው። ሁለቱም ለምሳሌ ያህል ሻጩ 5 ሚሊዮን ብር የጠሩለትን የብሎኬት ቤት ይዘው ይከራከራሉ።

መምህሩ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከደመወዙ የቆጠበ፣ ከዘመድ የተበደረና የቀረውን ከባንክ የሚጠብቅ ወጣት ነው። ሻጩ ግን ቤቱን ለብዙ ደላሎች ስለሚናገር፣ እያንዳንዱ ደላላ የራሱን ገዢ ይዞ በየቀኑ በሩን ያንኳኳል። በሽምብጥም ሆነ በቀበሌ 14 ካርታው የጠራ ቤት ገዢን አይጠብቅም፤ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ቤት «ሩቅ ነው» ብሎ የሚተወው ሰው እየቀነሰ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ «እገዛዋለሁ» የሚል ቃል ማንንም አያስርም።

ሕጋችንም ይህን ተገንዝቦ መፍትሔ አስቀምጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ መሆኑን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው የሰጠውን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን እንደሚመልስ ይናገራል። ከዚህ የተሻለ ዋስትና ለወጣት ገዢ ከየት ይመጣል? ዋጋን ለማስቀነስም ቢሆን መንገዱ ይኸው ነው። «4 ሚሊዮን 600 ሺሕ እሰጣለሁ» የሚል ቃል ሻጩ ከብዙ ሰው ሰምተው ሊሆን ይችላል፤ ቀብዱን ይዞ ከሽማግሌዎች ጋር የቀረበውን ሰው ግን ከሌሎቹ ለይተው ያዩታል።

ጠበቃዋ፦ መምህር የጠቀሷቸው አንቀጾች በትክክል ተጠቅሰዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም አስቀድሞ ውል መኖሩን መሠረት ያደርጋሉ። የዚያው ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት እንዲደረግ ያዛል። አንቀጽ 1720 ደግሞ ሕግ ያዘዘውን አሠራር ያልተከተለ ስምምነት ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ በዚህ መንገድ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና አስታውቋል። እንግዲህ በደላላው ቢሮ፣ በሦስት ምስክሮች ፊት የተፈረመችው የቀብድ ወረቀት ምን ኃይል አላት? ሌላ ገዢ 300 ሺሕ ብር ሲጨምርላቸው ሻጩ «በመካከላችን ውል የለም» ብለው ቢከራከሩ፣ ወጣቱ እጥፉን አገኛለሁ ብሎ የተማመነበት አንቀጽ በእጁ ላይ ይፈርሳል። ሻጩን ያሰረ መስሎት ያሰረው የራሱን ገንዘብ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጉዳት ግን ሌላ ነው፤ ስለዚህ በሰፊው ልናገር። ቀብድ የከፈለ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያየውን ነገር ሁሉ የሚያየው ገንዘቡን ላለማጣት በመፍራት ነው። ካርታው በሟች አባት ስም ሆኖ ቢያገኘው «ወራሾቹ ይስማማሉ» ብሎ ራሱን ያጽናናል። የሻጩ ባለቤት በሌላ ከተማ ቢሆኑ፣ የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚጠይቅ እያወቀ «ውክልና ይልካሉ» ይላል። ቤቱ ለባንክ ብድር ተይዞ ይሆናል፤ የፍርድ ቤት እገዳ ተጥሎበት ይሆናል፤ አጥሩ በካርታው ላይ ከተጻፈው ስፋት አልፎ ይሆናል። እነዚህን ሁሉ ገንዘቡ በኪሱ ሳለ ቢያውቃቸው ኖሮ በደቂቃ ይተወው የነበረውን ቤት፣ ቀብድ ከከፈለ በኋላ እያወቀ ይገዛዋል።

የይዞታው ዓይነትም የሚያቀርበውን ዋጋ ይወስነዋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ በነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ በተያዘ ቦታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ለመንግሥት የሊዝ ክፍያ እየከፈለ እንዲይዝ አድርጓል። ስለዚህ «ነባር ነው፣ ክፍያ የለበትም» የሚለው የደላላ ቃል ለሻጩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለገዢው ግን አይደለም። ይህን ሳያሰላ 4 ሚሊዮን 600 ሺሕ ብር ያቀረበ ሰው በእርግጥ ምን ያህል እንዳቀረበ አላወቀም። መሬቱንም መርምሩ እላለሁ። በከተማችን ብዙ ቦታ የሚገኘው ዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ በወጉ ያልተሠራ ቤት ግድግዳው ላይ ይህን ይናገራል። የጣና ውሃም ከፍ የሚለው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ለሐይቁ የቀረበን ቤት በሚያዝያ አይቶ በማግስቱ ቀብድ መክፈል፣ ቤቱን ግማሽ ዓመት ብቻ አይቶ እንደመግዛት ነው።

መምህሩ፦ እኅቴ ስለ ምርመራው የተናገሩትን አንዱንም አልቃወምም። የምጠይቀው ምርመራውን ማን ያስፈጽመዋል የሚለውን ነው። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ገዢው ዘው ብሎ ገብቶ የሚያገኘው ነገር አይደለም፤ ማመልከት ያለባቸው ባለይዞታው ናቸው። ሥራቸውን ትተው፣ ማኅደራቸውን አስወጥተው፣ ቢሮ ለቢሮ የሚመላለሱት አምስት ሳንቲም ላልከፈለ ሰው ነውን? ብዙ ሻጮች አያደርጉትም። ቢያደርጉትም ደብዳቤው በእጃቸው ሲገባ ቤታቸው ንጹሕ መሆኑ ስለተረጋገጠ ዋጋውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ያለ ቀብድ ያስመረመረው ወጣት ለሚቀጥለው ገዢ መንገድ ጠራጊ ሆኖ ይቀራል።

በሕጉም ነገር ቢሆን፣ ወረቀቷ ረቂቅ ከሆነች ወጣቱም ገንዘቡን መልሱልኝ ማለት ይችላል፤ ታዲያ ጉዳቱ የት ላይ ነው? ደግሞም የቀብድ ወረቀት ኃይል ከፍርድ ቤት ብቻ የሚመነጭ አይደለም። ምስክሮቹ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ሻጩ በእድርም በቤተ ክርስቲያንም ያገኟቸዋል። በሦስት ጎረቤት ፊት ተቀብሎ መካድ በዚህ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም።

ጠበቃዋ፦ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት አለው ማለት ገንዘቡ በእጁ ነው ማለት አይደለም። ሻጩ በተቀበሉት ቀብድ በማግስቱ ዕዳቸውን ከፍለውበት ይሆናል፤ ወጣቱ ክስ መሥርቶ፣ የዳኝነት ከፍሎ፣ ቀጠሮ ሲመላለስ ሌላ ቤት የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። የምስክሮቹን ክብር እኔም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ሻጮች ቤታቸውን የሚሸጡት ከሰፈሩ ለመልቀቅ ነው።

ሻጩ ያለ ምክንያት አይመላለሱም ያሉት ግን ትክክል ነው። ስለዚህ ገዢው ባዶ እጁን ይቅረብ አልልም፤ በጽሑፍ የሆነ ሐሳብ፣ ማለትም «በዚህ ዋጋና ሁኔታ እገዛለሁ» የሚል ጥያቄ ይዞ ይቅረብ እላለሁ። ዋጋው፣ አከፋፈሉ፣ ስም የማዞሪያውን ወጪ የሚሸፍነው ወገን፣ ሻጩ ሊያቀርቧቸው የሚገቡ ሰነዶችና ሐሳቡ የሚያበቃበት ቀን በግልጽ ይጻፉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1690 የጊዜ ገደብ ያለው ሐሳብ ያቀረበ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ በሐሳቡ እንደሚገደድ ስለሚናገር፣ ይህ ወረቀት የገዢውን ቁርጠኝነት ያሳያል። ሻጩ «እሺ፣ ግን 200 ሺሕ ይጨመር» ካሉ ደግሞ ሕጉ ያንን መልስ የሚቆጥረው እንደ አዲስ ሐሳብ ነው፤ ወጣቱም ነጻ ይሆናል። ወረቀቱ ቤቱን አያስርም። ዋጋውንና ሁኔታውን ግን ከደላላው አፍ አውጥቶ በሁለቱ መካከል ያስቀምጠዋል፤ ከመቶ ይህን ያህል ተብሎ የሚከፈለው ደላላ ጥቅሙ ሽያጩ ቶሎ እንዲያልቅ ስለሆነ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያለ ቀብድ አይሆንም ከተባለም 50 ሺሕ ብር ይበቃል፤ እሱም በባንክ ይተላለፍ፣ ሰነዱ ካልጠራ እንደሚመለስም ይጻፍበት። አንቀጽ 1885 ራሱ ለሌላ ስምምነት በሩን ክፍት ትቷል።

መምህሩ፦ በባንክ ይተላለፍ በሚለው እስማማለሁ፤ በመጠኑ ግን ፈጽሞ አልስማማም። ሌላ ገዢ 300 ሺሕ ብር ከጨመረላቸው፣ 50 ሺሕ የተቀበሉት ሻጭ እጥፉን 100 ሺሕ ቢመልሱ እንኳ ከራሳቸው የሚወጣው 50 ሺሕ ብቻ ነው፤ 250 ሺሕ ያተርፋሉ። እንዲህ ያለው ቀብድ ማሰሪያ ሳይሆን የመፍቻ ዋጋ ነው። ከዋጋው 10 በመቶ ያላነሰ ካልሆነ አለመስጠቱ ይሻላል።

ጠበቃዋ፦ ስሌትዎ ትክክል ነው። እኔ ከዚሁ ስሌት የምደርሰው ግን ገንዘቡን ማብዛት ሳይሆን ቀኑን ማሳጠር የሚገባ መሆኑ ላይ ነው። ሻጩን በእርግጥ የሚያስረው የተመዘገበው ውል ስለሆነ፣ ሰነዱ እንደጠራ በዚያው ሳምንት ወደ ውል አዋዋይ መሄድ ያስፈልጋል። 10 በመቶ ማለት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ብር ነው፤ ለደመወዝተኛ ይህ የዓመታት ቁጠባ ነው።

አሁን ደግሞ የባንኩን ጉዳይ ያስቡት። ባንክ ቤቱን በራሱ መሐንዲስ አስገምቶ ብድሩን የሚፈቅደው ሁለቱ ሰዎች በተስማሙበት ዋጋ ላይ ሳይሆን በዚያ ግምት ላይ ነው። ግምቱ ከዋጋው በ1 ሚሊዮን ብር ቢያንስ ወጣቱ ጉድለቱን ከየት ያመጣል? ሻጩ ምንም ሳያጠፉ፣ ሰነዱም ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ ውሉን የተወው ገዢው ስለሚሆን ቀብዱ ይቀርበታል። ስለዚህ በቀብዱ ወረቀት ላይ «ባንኩ በዚህ ቤት ላይ የተጠየቀውን ብድር ካልፈቀደ ቀብዱ ሳይቀነስ ይመለሳል» የሚል ቃል መግባት አለበት። ወረቀቷ ረቂቅ ናት ቢባል ገንዘቡ ተመላሽ ነው፤ ጸንታለች ቢባልም ይህ ቃል ይጠብቀዋል።

መምህሩ፦ ያንን ቃል በእኔም በኩል ያስገቡት፤ በብድር ለሚገዛ ሁሉ ይገባዋል። ቀብዱ 10 በመቶ ይሁን ከሚለው ግን አልወርድም፤ ሻጩ ያንን ቃል ለመፈረም የሚፈቅዱት ቀብዱ የሚያጓጓ ሲሆን ነውና።