ነጭ እንዳትሉት

ቤታችንን ለማስቀባት ስንነሳ ባለቤቴ «ነጭ ይሁን፤ ግን ድርቅ ያለ ነጭ አይሁን» አለች። እሺ አልኩ። ነጭን መምረጥ ምን ያጣላል ብዬ ነበር።

ሻጩ ናሙናዎቹን እንደ ካርታ ዘረጋቸው። ሁሉም ነጭ ናቸው፤ ሁሉም ስም አላቸው። የዝሆን ጥርስ፣ ዕንቁ፣ የጠዋት ጭጋግ... ባለቤቴ ዞር ስትል ጭጋጉንና ዕንቁውን ቦታ አቀያየርኳቸው። አላወቀችም። ይህን ዛሬ ነው የምናገረው።

ሰውየው አሠራሩንም አስረዳን። ነጭነቱን የሚሰጠው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ነው። ከዚያ ማሽኑ ጠብ ጠብ ያደርግበታል፤ ትንሽ ቢጫ፣ ከቢጫውም ያነሰ ጥቁር። በቃ፣ ኦፍ ዋይት፤ ድርቅ ያላለው ነጭ ማለት ነው። ብርሃን የመመለስ ልክም አለው፤ ጥቁር 0፣ ፍጹም ነጭ 100። እኛ 82 እና 84 ላይ ሦስት ቀን ተኳረፍን።

በመጨረሻ ጭጋጉ አሸነፈ። ትንሽ ቀብተን አየነው። ጠዋት ግራጫ ነው። ቀትር ላይ ነጭ። ማታ 2700 ኬልቪን የሚል የተጻፈበትን፣ ብርሃኑ ቢጫማ የሆነውን አምፖል ስናበራ ቢጫ ሆኖ ቁጭ! «የቱ ነው ትክክለኛው?» ብዬ ብጠይቅ «ሁሉም» ተባልኩ። አንድ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ ቢቀያየርብኝ ሰላምታ አልሰጠውም ነበር።

ቀቢው መጣ። ባልዲዎቹን መጀመሪያ አንድ ላይ ደባለቃቸው፤ ልዩነት እንዳይኖር ነው። ጎበዝ ሰው ነው። ጥፋቱ «ነጩን ልጀምር?» ማለቱ ነው። «ነጭ አይደለም!» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ። ቀለሙን ከዚያ በኋላ «ይሄኛው» እያለ ነው የጠራው።

ሁለት እጅ ተቀብቶ ሲደርቅ አማረ። ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። ቀና ስል ኮርኒሱ ድርቅ ያለ ነጭ ነው፤ ግድግዳውን ጭስ የጠጣ አስመስሎታል። ኮርኒሱም ተቀባ። ከዚያ በሩ አስጠላን። ከበሩ ቀጥሎ ማብሪያ ማጥፊያው። ለዓመታት ነጭ ነው ብዬ የተጫንኩት ነገር ዳር ዳሩ የጣቶቻችን አሻራ የጠቆረበት፣ መሐሉ የገረጣ ቢጫ ነው። አንድ ጠብታ ቀለም ስንት ዓመት የተሸፈነ ገመና አወጣ!

ቅዳሜ የባለቤቴ ወንድም መጣ። ሳሎኑ መሐል ቆሞ ዙሪያውን አየ። እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ ዓይኔ እጁ ላይ ነው።

«ጎበዞች! ስቱኮውን ጨርሳችኋል። ቀለሙን መቼ ታስቀባላችሁ?»

ባለቤቴ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኳት።

«የጠዋት ጭጋግ ነው» አልኩት። «እጅህን አንሳ።»