ሰርተፊኬት በመቁጠር ባለሙያ አይገኝም

ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) ሥልጠና አፈጻጸሙ በተነገረ ቁጥር ሪፖርቱ የሚጀምረውም የሚያበቃውም በሁለት ቁጥሮች ነው፤ ይህን ያህል ወጣት ተመዘገበ፣ ይህን ያህሉ ሰርተፊኬት ወሰደ። ሰሞኑንም ማን ዕቅዱን አሳካ፣ ማን ወደኋላ ቀረ የሚለው ንጽጽር እንደገና ሲቀርብ ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ከሠለጠኑት ስንቶቹ በሙያው ሥራ እንዳገኙ፣ ስንቶቹስ የሚሠራ ሶፍትዌር ለአንድ ተቋም እንዳስረከቡ ሲነገር አልሰማሁም።

ከሁሉ የሚያስቆጣው ስልክና ኢንተርኔት ያለው ወጣት ሁሉ ኮደር መሆን ይችላል የሚለው መከራከሪያ ነው። ከሥልጠናው ዘርፎች አንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ ማበልጸግ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው አንድሮይድ ስቱዲዮ ደግሞ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም (የኮምፒውተሩ የሥራ ማኅደር) ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋል። በስልኩ ቪዲዮ ተመልክቶ፣ ጥያቄዎቹን መልሶ ሰርተፊኬቱን ያወረደ ልጅ ስለ ፕሮግራም ሰምቷል እንጂ ፕሮግራም አልጻፈም። ይህን ልጅ «ባለሙያ» ብሎ መቁጠር እሱንም ነገ የሚቀጥረውንም ማታለል ነው።

ይህን መንገድ ደግሞ ከዚህ በፊት ሄደንበት አይተነዋል። 70 በ30 የተባለው ፖሊሲ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡ ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ከእነዚህም አብዛኛው ወደ ምህንድስና እንዲገባ ታዘዘ። ያን ጊዜም ቁጥሩ ይቅደም፣ ጥራቱ በሂደት ይመጣል ተባልን። ሕንፃው ተሠርቶ ተማሪው ሲገባ ወርክሾፑ ባዶ ነበር፤ ትናንት የተመረቀው ዛሬ አስተማሪ ሆኖ ተመደበ። የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚያሳይ አንድ ኦሲሎስኮፕ ዙሪያ ስድስት ሰባት ተማሪ ይቆማል፣ አንዱ ማስተካከያውን ያዞራል፣ የቀሩት እሱ ያነበበውን ቁጥር ይገለብጣሉ፤ የላብራቶሪ ሪፖርቱም ካለፈው ዓመት ተማሪ ተቀድቶ ይቀርባል። የቅየሳ መሣሪያው በንብረት ክፍል ሠራተኛው ስም ስለተመዘገበ «ቢሰበር ከደመወዜ ይቆረጣል» በሚል ስጋት ከነሳጥኑ መጋዘን ውስጥ ይከርማል። በብዙ ገንዘብ የተገዛው የብረት መቅረጫ (ሌዝ) ማሽን ለከባድ ማሽን የሚያስፈልገው ባለ ሦስት ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመር ስላልተዘረጋለት ተማሪዎቹ እስኪመረቁ ሳይነሳ ይቀራል። ለተግባር ልምምድ የወጣው ተማሪም የሚያሠራው ድርጅት አጥቶ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ይዞ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት አምስት ዓመት የደከመ መሐንዲስ በኮብልስቶን ሥራ ሲደራጅ ያየ አገር፣ በጥቂት ሳምንታት የመግቢያ ትምህርት ኮደር አፈራሁ ቢለው እንዴት ያምናል? ጥራቱ በሂደት ይመጣል መባሉንም ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የሚወስዱት የመውጫ ፈተና መለሰው፤ በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት መስኮች ሲሰጥ ከተፈታኞቹ ከግማሽ የሚበልጡት ወደቁ።

ነፃ ሥልጠናው ኮምፒውተርና መሠረታዊ ዕውቀት ላለው ወጣት በር እንደሚከፍት አልክድም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ብቻ በነበሩበት አገር ያ መሠረት ያለው ወጣት ስንት ነው? የሒሳብና የፊዚክስ መምህር በኑሮ ውድነት ሙያውን እየለቀቀ፣ የሁለተኛ ደረጃ ቤተ ሙከራ በሩ ተቆልፎ ሚሊዮን ባለሙያ ማቀድ ከጣሪያው መጀመር ነው።

ስለዚህ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በሚቀጥለው ሪፖርቱ ሰርተፊኬት ከወሰዱ ከአንድ ዓመት በኋላ በሙያው እየሠሩ ያሉትን ቁጥር በየክልሉ ለይቶ ያቅርብ። ትምህርት ሚኒስቴርም እያንዳንዱ የምህንድስና ኮሌጅ የሚሠራ መሣሪያውን፣ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኑንና ለጥገና የተመደበለትን በጀት በይፋ እንዲያሳውቅ ያስገድድ። የመቀበል አቅምም በዚህ ይወሰን፤ አሥር ተማሪ ብቻ በእጁ ነክቶ ሊማር የሚችልበት ወርክሾፕ መቶ ተማሪ አይመደብበት።