«ኮድ ላኩልኝ» ያለውን ተማሪ ከመገሠጻችን በፊት

«ሰላም ወገኖች፤ በአርዱዊኖ የውሃ ሮቶ መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ነው፤ ሴንሰሩ አይሠራም። ኮድ ያለው ሰው ይተባበረኝ።» የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች በሚሰባሰቡባቸው የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ይህን የመሰለ መልእክት ያልገጠመው የለም። አርዱዊኖ የተጻፈለትን ትእዛዝ፣ ማለትም ኮዱን፣ የሚፈጽም ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው፤ ሴንሰር ደግሞ የሚለካለት ዕቃ ነው። የመመረቂያ ሥራ ማስረከቢያ ሲቃረብ ይበረታል። ከሥሩም «የዘንድሮ ተማሪ ኮድ ለማኝ ሆነ» የሚል ተግሣጽ ይከተላል። በዚህ ተግሣጽ አልስማማም። ልጁ አስቸጋሪውን ነገር ሠርቷል፤ ያቃተው የሠራውን ለሌላ ሰው ማስረዳት ነው፤ ይህንን ደግሞ ያስተማረው የለም።

ሥራውን የመረጠውም በዘፈቀደ አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ጎንደር፣ ሌሊት መጥታ የምትሄደውን ውሃ ወደ ሮቶ የሚስብ፣ ሮቶው ሲሞላም ፓምፑን ራሱ የሚያጠፋ ዕቃ የማይፈልግ ቤት ጥቂት ነው። አሠራሩም ቀላል ይመስላል። ሮቶው ክዳን ላይ የተሰቀለች ኤችሲ-ኤስአር04 የምትባል ትንሽ ሴንሰር ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ታች ትልካለች። ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ በድምፅ ፍጥነት ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ርቀቱ ይገኛል። ርቀቱ ካጠረ ሮቶው ሞልቷል ማለት ነው።

እንግዲህ «አይሠራም» ማለት ምን ማለት ነው? ልጁ በኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ቢነግረን ግማሹ መልስ እዚያው ነበር። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ርቀቱ ዜሮ ነው ማለት አይደለም። ጊዜውን የሚለካው የአርዱዊኖ ትእዛዝ አንድ ሰከንድ ጠብቆ ምንም ምልክት ካላገኘ የሚመልሰው ዜሮ ነው። የልጁ ኮድ ግን «ከ20 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሞልቷል» የሚል ከሆነ፣ ዜሮም ከ20 ያንሳል። ስለዚህ ባዶው ሮቶ ሞላ ተብሎ ፓምፑ ሳይነሣ ይቀራል። ሽቦ ወልቆ ወይም የሴንሰሯ ሁለቱ የምልክት እግሮች (ሽቦ የሚሰካባቸው፣ አንዱ ድምፁን የሚያስልክ፣ ሌላው መመለሱን የሚናገር) ተቀያይረው ሊሆን ይችላል፤ ኮዱ ግን ዜሮውን ሳይጠይቅ አምኗል።

ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከሆነ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው፤ ይህኛውን በተለይ እወደዋለሁ። አርዱዊኖ ኡኖ በሚባለው የቦርድ ዓይነት ላይ «ኢንት» ተብሎ የተመዘገበ ቁጥር የሚይዘው እስከ 32,767 ብቻ ነው። ከእነዚህ ሴንሰሮች አንዳንዶቹ የተመለሰ ድምፅ ሲያጡ ምልክታቸውን እስከ 38 ሺህ ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ያህል ይዘው ይቆያሉ። 38 ሺህ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዞሮ ወደ ኔጌቲቭ ይወርዳል፤ ሮቶውም እንደገና «ይሞላል»። ያው ኮድ ኢኤስፒ32 በሚባለው ቦርድ ላይ ቢጫን ግን ችግሩ አይታይም፤ እዚያ «ኢንት» በጣም ሰፊ ነውና። እንግዲህ «እኔ ዘንድ ይሠራል» ያለውም «እኔ ዘንድ አይሠራም» ያለውም እውነታቸውን ነው። የሁለቱንም የቦርድ ስም ስላልጠየቅን ብቻ ይከራከራሉ።

ለዚህ ነው ከለማኙ ይልቅ ሰጪውን የምታዘበው። የቦርዱን ዓይነት ሳይጠይቅ ፋይል የሚወረውር ሰው ቸር መስሎ ይታያል፤ ለጀማሪው ግን ሁለተኛ ችግር ጨመረለት። አሁን የማያውቃቸው ሁለት ኮዶች አሉት። ብሶም ያ ኮድ ለኡኖ የተሠራ ሆኖ የልጁ ቦርድ ኢኤስፒ32 ከሆነ፣ ሴንሰሯ የምትመልሰው ምልክት 5 ቮልት ነው፤ የኢኤስፒ32 እግሮች ደግሞ የተሠሩት ለ3.3 ቮልት ነው። በመካከል ቮልቴጁን የሚቀንሱ ሁለት ሬዚስተሮች ያስፈልጋሉ። ይህን ያልነገሩት ልጅ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል። 220 ቮልት ፓምፕ በሪሌይ (በቦርዱ ትእዛዝ በሚበራና በሚጠፋ ማብሪያ) አያይዝ ብሎ ሥዕል የሚልከውማ፣ መጀመሪያ በፓምፑ ቦታ ትንሽ አምፖል አድርገህ ሞክር፣ የመብራቱን መስመር ኤሌክትሪሺያን ይሥራልህ ካላለ፣ ባይመልስ ይሻል ነበር።

ጎንደር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በአብነት ትምህርት ቤት የቅኔ ተማሪ «የኔታ፣ አንድ ቅኔ ይስጡኝ» ብሎ አይቀርብም። የቆጠረውን ይዞ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የሳተበትን ያርሙታል። የተበላሸ ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር አይደለም፤ ባዶ እጅ መቅረብ ነው ነውሩ። የእኛ ምህንድስና ግን ያለቀውን ሥራ ብቻ ነጥብ ስለሚሰጠው፣ ተማሪው ያልሠራለትን ኮድ ለሰው ለማሳየት ያፍራል። ይደብቀውና የሌላ ሰው ይለምናል።

ቋንቋውም ሌላ መሸሸጊያ ነው። በአማርኛ «ሮቶው ባዶ ሆኖ ሳለ ዜሮ ይላል፤ እጄን ሳስጠጋ ግን 7 እና 8 ያሳያል» ብሎ በትክክል ሊያስረዳ የሚችል ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ካልጻፍኩ አላዋቂ እመስላለሁ ብሎ ሦስት ቃል ብቻ ይጽፋል። የጠፋው መረጃ መልሱን የያዘው ነው። በአማርኛ ይጠይቅ፤ የስሕተት መልእክቱን ብቻ ኮምፒውተሩ እንዳወጣው፣ ሳይተረጉም ይለጥፍ። ከእሱ ጋር የቦርዱን ስም፣ ሙሉ ኮዱን፣ ከላይ በቀን ብርሃን የተነሣ የሽቦውን ፎቶ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማለቴ በምክንያት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያየነው ነው። «ቦርዱ ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ እስኪመጣ መስመሩ ሊጠፋ ይችላል። መስመሩ በሌለበት ጊዜም ከአርዱዊኖ ፕሮግራም ጋር አብረው የሚጫኑት ምሳሌዎች ኮምፒውተሩ ውስጥ አሉ። አምፖል ከሚያበራው ከ«ብሊንክ» መጀመር ቢያንስ ቦርዱና ገመዱ ደህና መሆናቸውን ያሳያል። ስልክ ብቻ የሚሞላ፣ መረጃ የማያስተላልፍ ገመድ ይዞ ቀኑን ሙሉ ቦርዱን የሚረግም ጀማሪ ብዙ ነው።

መላሾችን የምለምነው አንድ ነገር «በውስጥ መስመር አናግረኝ» ማለታቸውን እንዲተዉ ነው። በውስጥ የተሰጠ መልስ አንድ ሰው ረድቶ ይቀበራል። ጠያቂውም ሲሳካለት «ተሳካ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ አይጥፋ። ሽቦው ተገልብጦ ከነበረ ተገልብጦ ነበር ብሎ እዚያው ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያቺኑ ሴንሰር ይዞ የሚመጣ ሌላ ተማሪ አለ።