ብዙ ጫፍ ማየት ናሙናው ቆሻሻ ነው ማለት አይደለም

ከላይ ሁለት ሦስት ሰዎች «የፖሊመር ናሙና ማስ ስፔክትሮሜትር ላይ ብዙ ጫፍ ካሳየ ንጹሕ አይደለም፣ ድፉት» ብላችኋል። (ፖሊመር ማለት ተመሳሳይ ትናንሽ ክፍሎች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ማስ ስፔክትሮሜትር የሞለኪውሎችን ክብደት የሚለካ መሣሪያ ነው፣ እያንዳንዱ ክብደት በግራፉ ላይ እንደ ጫፍ ይታያል።) በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል። ግን እንዲህ እየተባለ ደህና ናሙና ይደፋል፤ የሳምንታት ሥራ ገደል ይገባል።

እዚህ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትሄዱ በምእመናን እጅ የምታዩትን መቁጠሪያ አስቡ። ፍሬው አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ግን 41 ፍሬ አለው፣ ሌላው 64። ሰው ሠራሽ ፖሊመርም እንደዚያው ነው። ሰንሰለቶቹ እኩል አይረዝሙም። ስለዚህ እያንዳንዱ ርዝመት የራሱን ጫፍ ያወጣል።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ካልኩሌተር ይበቃል። በግራፉ ላይ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ጫፎች ቀናንሱ፤ የምታገኙት የአንድ ፍሬ ክብደት ነው። ፖሊኢትሊን ግላይኮል ከሆነ ልዩነቱ 44.03 ገደማ ነው፣ ፖሊስታይሪን ከሆነ 104.06። ለምሳሌ የሰንሰለቱ ሁለት ዳርቻዎች ሃይድሮጅንና ሃይድሮክሲል የሆኑ፣ ሶዲየም የያዘ ፖሊኢትሊን ግላይኮል 1009.6 ላይ ይታያል። ይህ 22 ፍሬ ነው። 23ኛው ሲጨመር 1053.6 ይሆናል። 22 በ44.026 አባዙ፣ ለሰንሰለቱ ሁለት ዳርቻዎች 18.01፣ ለሶዲየም 22.99 ደምሩ፤ ልክ ይመጣል።

በመሃል ሌላ የጫፎች ተርታ ካያችሁም ቶሎ አትደንግጡ። ክብደቱ በ16 ገደማ ከበለጠ ብዙ ጊዜ በሶዲየም ፋንታ ፖታሲየም የያዘው ያው ሰንሰለት ነው። (እኔም አንዴ ኦክስጅን ገባበት ብዬ ደምድሜ ነበር።) በዚህ የማይገለጽ ተርታ ሲመጣ ግን የሰንሰለቱን ዳርቻ ወይም ባዕድ ነገር መጠርጠር ተገቢ ነው።